አእምሮም ልምምድ ይሠራል

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ አሠልጣኞች፣ ከልምምድ በቀጥታ ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁ ወጣት አትሌቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! ስለ አትሌት የአእምሮ ዝግጅት እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ድምፄ ይሰማችኋል? መልካም፤ ከፊት ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸውና ጠጋ ጠጋ በሉ።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። ከመካከላችሁ «ያንን ውድድር ያሸነፉኝ በጉልበት አይደለም፣ ልቤ ነው የከዳኝ» ብሎ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። እንደጠበቅሁት ነው፤ ያላወጣ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አሁን ደግሞ ባለፈው ሳምንት የልምምድ መርሐ ግብሩ ውስጥ ለአእምሮ ተብሎ የተመደበ ጊዜ የነበረው ሰው እጁን ያውጣ። ከፊት ጥቂት፣ ከኋላ አንድ ብቻ አያለሁ። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ በመጀመሪያዎቹና በሁለተኞቹ እጆች መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

አእምሮ እንደ እግርና እንደ ሳንባ በድግግሞሽ ይሠለጥናል። መርሐ ግብር ይፈልጋል፣ መለኪያ ይፈልጋል፣ ዕረፍትም ይፈልጋል። በውድድር ዋዜማ የሚደረግ የማበረታቻ ንግግር አልንቅም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ነገር ግን ወራት ሙሉ ያልሠለጠነ አእምሮ በአንድ ሌሊት ጩኸት ሠልጥኖ አያድርም። ይህንን ለማስረዳት አራት ጉዳዮችን አነሣለሁ፦ ድካም ከየት እንደሚመጣ፣ ውድድርን በዓይነ ኅሊና መለማመድን፣ ቀልብን መሰብሰብን፣ በመጨረሻም ጭንቀትን። ሁለተኛው ላይ ብዙ ስለምቆይ ከወዲሁ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ወደ መጀመሪያው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት በየሥልጠናው መድረክ የሚነገር አንድ ታሪክ ላስተካክል። እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1954 በኦክስፎርድ አንድ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሮጦ ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከ46 ቀን በኋላ አውስትራሊያዊው ጆን ላንዲ በፊንላንድ ቱርኩ ይህንኑ ሰዓት አሻሻለው። አነቃቂ ተናጋሪዎች ይህንን ሲተርኩ «ግድግዳው በአእምሮ ውስጥ ብቻ ነበር፤ አንዱ ሲያምን ሌላውም አመነ» ይሉናል። እውነት ይህ ብቻ ነበርን? ባኒስተር የሕክምና ተማሪ ነበር፤ በመሮጫ ማሽን ላይ በኦክስጅን የበለጸገ አየር ሰዎችንና ራሱን እያስተነፈሰ ጥናት ይሠራ ነበር። ክሪስ ብራሸርና ክሪስ ቻታዌይ የተባሉ ጓደኞቹ በዕቅድ አሯሩጠውታል። ላንዲም ቢሆን ከዚያ በፊት 4 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ አካባቢ ደጋግሞ የገባ ሰው ነበር። ሁለቱም እምነታቸውን ያገኙት ከተለካ ልምምድ ነው። እምነት ሥራን ይከተላል፤ ሥራ በሌለበት የመጣ እምነት ሦስተኛው ዙር ላይ ይተናል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንግባ። ሯጭ ሲቆረጥ፣ ማለትም ከመሪዎቹ ሲነጠል፣ «እግሬ ከዳኝ» ይላል። እውነት እግሩ ነው የከዳው? እ.ኤ.አ. በ2009 ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን ጥናት እንመልከት። 16 ሰዎችን በሁለት የተለያዩ ቀናት አንድ ቦታ ላይ በተተከለ ብስክሌት ላይ አቅማቸው እስኪያልቅ ድረስ አስነዱ። በአንደኛው ቀን ከመንዳታቸው በፊት ለ90 ደቂቃ ቀልብ የሚያደክም የኮምፒውተር ፈተና እንዲሠሩ ተደረገ፤ በሌላው ቀን ለዚያው ያህል ጊዜ ስሜት የማይቀሰቅስ ዘጋቢ ፊልም ተመለከቱ። ፊልሙን ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሰከንድ ሲነዱ አእምሯቸው በደከመበት ቀን ግን 640 ሰከንድ ላይ አቆሙ። የልብ ምታቸውና ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የሚያመነጨው ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገር በደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ለልዩነቱ ምክንያት የሚሆን ነገር አላሳየም። የተለወጠው የጥረቱ ስሜት ነበር፤ ያው ብስክሌት፣ ያው ክብደት፣ ገና ከመነሻው ከበዳቸው።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ግልቢያ ላይ ብስክሌተኞች ካርቦሃይድሬት ያለበት ፈሳሽ አፋቸው ውስጥ እያንቀረቀቡ እንዲተፉት አደረገ። አንድም ጠብታ አልዋጡም። ቢሆንም ሰዓታቸው ወደ 3 በመቶ ገደማ ተሻሻለ። ጡንቻ ከዚያ ፈሳሽ ያገኘው ነገር የለም፤ አፍ ለአንጎል «ስንቅ እየመጣ ነው» የሚል ምልክት ላከ፣ አንጎልም ልጓሙን ላላ አደረገ። ይህን የምነግራችሁ «ድካም ውሸት ነው» ለማለት እንዳይመስላችሁ። ድካም እውነት ነው፤ ጡንቻም እውነት ይደክማል። ነገር ግን «ልቁም ወይስ ልቀጥል» የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው አንጎል ውስጥ ነው፤ ውሳኔ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ሊሠለጥን ይችላል። አሠልጣኞች ከዚህ ወዲያውኑ የምትወስዱት ነገር አለ፦ ከጠንካራ ልምምድ በፊት የአትሌቱን ጭንቅላት በፈተና፣ በረጅም ስብሰባና በክርክር አታድክሙት። ረፋድ ላይ የሁለት ሰዓት ስብሰባ አድርጎ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ሰዓት የሚጠብቅ አሠልጣኝ አይቻለሁ፤ ሰዓቱ ሳይመጣ ሲቀርም ልጆቹን «ወኔ የላችሁም» ይል ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ውድድርን በዓይነ ኅሊና መለማመድ ነው። እዚህ ላይ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ወጣት ሳለሁ የ1500 ሜትር ሯጭ ነበርሁ። አሠልጣኛችን ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። አንድ ቀን ካሟሟቅን በኋላ ሣሩ ላይ አስቀመጠንና ለእያንዳንዳችን የሩጫ ሰዓት መያዣ ሰጠን። «ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሽጉጡ ሲተኮስ በልባችሁ ስትሰሙ ሰዓቱን ተጫኑ። ውድድሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ በሐሳባችሁ ሩጡ። መስመሩን ስታልፉ ደግማችሁ ተጫኑ» አለን። እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን፤ እርሱ አልሳቀም። ጨፈንን። ሲያበቃ እየዞረ የሁላችንንም ሰዓት አነበበ። አንዱ ጓደኛችን 1500 ሜትርን በሐሳቡ በ2 ደቂቃ ተኩል ጨርሶ ተገኘ! በምድር ላይ ማንም ያልሮጠው ሰዓት ነው። አሠልጣኛችን ጎንበስ ብሎ «ሦስተኛው ዙር የት ሄደ?» ሲል ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። መነሻውን አይቶታል፤ የመጨረሻውን ዙር ደወል ሰምቶታል፤ እጁን ዘርግቶ መስመሩን ሲያልፍም ራሱን አይቶታል። አየር የሚያጥርበትን፣ ክንድ የሚከብድበትን፣ ደወሉ ገና ያልተደወለበትን ያንን ክፉ ዙር ግን ዘሎታል። በእውነተኛው ውድድር ዘወትር የሚቆረጠውም እዚያው ላይ ነበር።

ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊና መለማመድ ሲባል ድልን ማለም ይመስለዋል። የሜዳልያ መድረኩን፣ ጭብጨባውን፣ ሰንደቅ ዓላማውን ይሥላል። ይህ ምኞት ነው፤ ደስ ይላል፤ ልምምድ ግን አይደለም። ልምምድ የሚሆነው ውድድሩ በሚፈጀው ጊዜ ልክ፣ ከራስ ዓይን ሆኖ እየታየ፣ የእግር ድምፅ እየተሰማ፣ የጎን ውጋቱ እንኳን እየተሰማ ሲሠራ ነው። የሩጫ ሰዓቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ አእምሮ የዘለለውን ያጋልጣል። በሐሳብ የተሮጠው ከእውነተኛው ሰዓት እጅግ ከራቀ አንድ የተዘለለ ቦታ አለ ማለት ነው፤ አሠልጣኙም ያንን ቦታ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ሐሳብ ብቻውን በሰውነት ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የራንጋናታንና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። ሰዎች ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ የትንሿን ጣታቸውን ጡንቻ በሙሉ ኃይል እንደሚገፉ ብቻ እንዲያስቡ ተደረገ፤ ጣታቸውን አላንቀሳቀሱም። የጣታቸው ኃይል 35 በመቶ ጨመረ። በእርግጥ በአካል የተለማመዱት 53 በመቶ ጨምረዋልና ሐሳብ የአካልን ልምምድ አይተካም፤ ጥናቱም በጥቂት ሰዎችና በትንሽ ጣት ላይ የተደረገ ነው። ጣት ሌላ፣ ማራቶን ሌላ። ይሁን እንጂ አንጎል ለጡንቻ የሚልከው ትእዛዝ ራሱ በልምምድ እንደሚጠነክር ያሳያል። ጉዳት ደርሶባችሁ ሜዳ መውረድ የማትችሉ ልጆች፣ ይህንን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው፤ እግራችሁ ሲያርፍ አእምሯችሁ አብሮ ሥራ መፍታት የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሚበላሸውን ነገር መለማመድ ነው፤ በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ቁም ነገር እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ በ200 ሜትር ቢራቢሮ የዋና ፍጻሜ ማይክል ፌልፕስ ገና ውኃው ውስጥ እንደገባ የዋና መነጽሩ ውኃ ያስገባ ጀመር። በመጨረሻዎቹ ርቀቶች ላይ ጨርሶ አያይም ነበር፤ ግድግዳው የት እንዳለ፣ ተፎካካሪው የት እንደደረሰ አያውቅም። ምን አደረገ? የእጁን ቅዘፋ ቆጠረ። አንድን የገንዳ ርዝመት በስንት ቅዘፋ እንደሚጨርስ ያውቅ ስለነበር በቁጥሩ እየተመራ ግድግዳውን ነካ፤ መነጽሩን አውልቆ ሰሌዳውን ሲያይ 1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። አሠልጣኙ ቦብ ባውማን ለዓመታት ውድድሩን ማታና ጠዋት በሐሳቡ እንዲዋኘው ያደርገው ነበር፤ የሰመረውን ውድድር ብቻም ሳይሆን የተበላሸውንም ጭምር። ሌላው ዋናተኛ ሐሞቱ በሚፈስበት ቅጽበት ፌልፕስ ቀድሞ የተለማመደውን ነገር አወጣ።

ስለዚህ እያንዳንዱ አትሌት «ይህ ቢደርስ ይህን አደርጋለሁ» የሚል የራሱ ዝርዝር ይኑረው። ጫማዬ ቢወልቅ ምን አደርጋለሁ? መነሻው ላይ ብታጠር? ውድድሩ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይና ያሟሟቅሁት ሰውነት ቢቀዘቅዝ? ፒተር ጎልቪትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዕድሜውን ያሳለፈው እንዲህ ያለ ከሁኔታ ጋር የታሰረ ዕቅድ ሰው ያሰበውን ከግብ እንዲያደርስ እንዴት እንደሚረዳ በማጥናት ነው። «ጠንክሬ እሮጣለሁ» የሚል ውሳኔ መቼና የት እንደሚሠራ አያውቅም። «800 ሜትሩ ላይ ከተከበብሁ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ወጥቼ ሁለተኛውን መም እይዛለሁ» የሚል ዕቅድ ግን ጊዜውን ራሱ ያውቃል፤ ሁኔታው ሲመጣ ማሰብ ሳያስፈልግ እግር ይታዘዛል።

ሦስተኛው ነጥብ ቀልብ ነው። ሞርጋንና ፖሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ታላላቅ የማራቶን ሯጮችን «ስትሮጡ ስለ ምን ታስባላችሁ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ተራው ሯጭ ሕመሙን ለመርሳት ሐሳቡን ወደ ሌላ ነገር ይልካል፤ ዘፈን ያስባል፣ ቤት ይሠራል። ታላላቆቹ ግን በብዛት ሰውነታቸውን ያዳምጡ ነበር፦ አተነፋፈሳቸውን፣ እግራቸውን፣ ትከሻቸው መላላቱን። ከሕመሙ አይሸሹም፤ ያነቡታል።

ታዲያ ምንጊዜም ሰውነትን መከታተል ይበጃል ማለት ነው? አይደለም። ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት የለመዱ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ኳስ ሲገፉ ኳሱን የሚነኩበትን የእግራቸውን ጎን እንዲያስተውሉ ሲደረግ በጠንካራ እግራቸው የሚሠሩት ሥራ ተበላሸ፤ ጀማሪዎቹን ግን ማስተዋሉ ጠቀማቸው። ለዓመታት የተለማመድነው ነገር ያለ እኛ ጣልቃ ገብነት በራሱ ይሠራል፤ በጭንቀት ጊዜ «እስቲ እግሬን በትክክል ላንሣ» ብለን ስንቆጣጠረው እናደናቅፈዋለን። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ቆሞ ስለ ቁርጭምጭሚቱ የሚያስብ ተጫዋች የት እንደሚልካት ሁላችሁም አይታችኋል። እንግዲህ ሚዛኑ ይኸው ነው፤ አተነፋፈስንና ጥረትን አዳምጡ፣ ቴክኒኩን ግን በውድድር ቀን ለሰውነታችሁ ተዉለት። ቴክኒክ የሚታረመው በልምምድ ነው።

ቀልብን ከሚሰርቁት ነገሮች ሁሉ የከፋው ግን ለራሳችን የምንናገረው ቃል ነው። በአንድ ወቅት የማሠለጥናት ጠንካራ ልጅ ነበረችኝ፤ በልምምድ ላይ ማንም አይቀድማትም፤ በውድድር ግን ክፍተት በተፈጠረ ቁጥር ትቀራለች። ብጠይቃት «አላውቅም» ትላለች። ከዚያ አንድ ነገር ሞከርን። ጠንካራ ዙር እንደጨረሰች፣ ገና እያለከለከች፣ ስልኬን አፏ አጠገብ ይዤ አሁን ለራሷ ስትል የነበረውን እንድትናገር አደረግሁ። ማታ ተቀምጠን ቅጂውን ሰማነው። ትንፋሿ ይሰማል፤ በትንፋሿ መካከል ደግሞ አንድ ቃል ይመላለሳል፦ «ሄዱ… ሄዱብኝ… ሄዱ»። ልጅቷ የራሷን ድምፅ ሰምታ ደነገጠች። ማንም ሳይነግራት በየዙሩ ለራሷ የሽንፈት ዜና ታነብ ነበር። «በምትኩ ምን ትይ?» አልኋት። አስባ «ጀርባዋን» አለች። ከፊቷ ያለችውን ሯጭ ጀርባ መያዝ ማለቷ ነው። ይህን ቃል መርጣ በየልምምዱ፣ ዙሩ በሚከብድበት ቦታ ላይ፣ ሆን ብላ ትለው ጀመር። ከሳምንታት በኋላ ቃሉ ሳትጠራው ይመጣላት ነበር። ሁሌም አሸነፈች አልላችሁም፤ ክፍተት ስታይ ተስፋ መቁረጧ ግን ቀረ።

ይህ የእኔ ልምድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ብላንችፊልድና ባልደረቦቹ 24 ሰዎችን አሳተፉ፤ ለራስ የሚነገር ቃልን ለሁለት ሳምንት የተለማመዱት ሰዎች በብስክሌት ላይ አቅማቸው እስኪያልቅ የሚቆዩበት ጊዜ 18 በመቶ ጨመረ፤ ያው ሥራም ቀለል ብሎ ተሰማቸው። ቃሉን ግን አሠልጣኙ አይስጣቸው። በሌላ ሰው የተመረጠ ቃል በጭንቅ ሰዓት አፍ ውስጥ አይገኝም።

አራተኛውን ነጥብ፣ ጭንቀትን፣ ባጭሩ አልፈዋለሁ። በየኮርሱ «መጠነኛ ጭንቀት ይጠቅማል፣ ሲበዛ ግን ይጎዳል» የሚል የተገለበጠ ገበቴ የመሰለ ሥዕል ያሳዩአችኋል፤ ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው የየርክስና የዶድሰን ሥራ ነው። ያ ሥራ የተሠራው በአይጦች ላይ መሆኑን ግን አይነግሩአችሁም። ሐሳቡ ጨርሶ ስሕተት ነው አልልም፤ ሰው ሁሉ ልኩ አንድ ነው ብላችሁ ግን አትመኑ። አንዱ አትሌት ከውድድር በፊት በሚጠበቅበት የመጥሪያ ክፍል ውስጥ ሲያዛጋ ታገኙታላችሁ፤ ሌላው የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ደግሞ ያስራል። ሁለቱም ጥሩ ሊሮጡ ይችላሉ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ይህ ልጅ በጥሩ ቀኑ እንዴት ነበር? ወደዚያ መልሱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። አእምሮን ማሠልጠን ማለት ሁልጊዜ «ግፋ በለው» ማለት አይደለም። አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ተወዳዳሪ ሲሞን ባይልስ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ አየር ላይ ስትገለባበጥ የሰውነቷ አቅጣጫ ስለጠፋባት ከቡድን ፍጻሜው ወጣች። ያን ጊዜ «ፈራች» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። በጂምናስቲክ አቅጣጫ ጠፍቶበት የወረደ ሰው በአንገቱ ሊወርድ ይችላል፤ መውጣቷ የሠለጠነ አእምሮ ውሳኔ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ተመልሳ ሦስት ወርቅ ወስዳለች። አሠልጣኞች ሆይ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ የሚወደው ልምምድ ያስጠላው ልጅ ስታዩ ለራስ የሚነገር ቃል አታስጠኑት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እኛ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አይደለንም።

ከሰኞ ጀምሮ ምን ልሥራ ለምትሉ አሠልጣኞች፦ ካሟሟቃችሁ በኋላ ጠንካራው ልምምድ ሳይጀመር አሥር ደቂቃ ውሰዱ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለመጀመሪያ ይበቃል። በአንዱ ቀን በሐሳብ የሚሮጥ ውድድር በሰዓት ይለካ፤ በሌላው ቀን እያንዳንዱ አትሌት የመረጠውን ቃል በከባዱ ዙር ላይ ይሥራበት። የምትጽፉበት የልምምድ ደብተር ላይ ከሰዓቱ አጠገብ አንድ ዓምድ ጨምሩ። ከውድድር የተመለሰን ልጅ ስንተኛ እንደወጣ ከመጠየቃችሁ በፊት ቀልቡ የት ላይ እንደሄደ ጠይቁት፤ ስንተኛው ዙር ላይ፣ ስንት ሜትር ሲቀረው፣ ምን እያለ እንደነበር ራሱ በተናገረበት ቃል ጻፉት። መጀመሪያ ላይ «እኔ እንጃ» ይላችኋል። ደጋግማችሁ ጠይቁት፤ ውሎ አድሮ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ እዚህ ባልሁት የማትስማሙ፣ ድምፅ ማጉያው በግራ በኩል ይዞራል፤ ወጣቶቹ ቅድሚያ ይሰጣቸው።